ትከሻችን

ጎሚስታው ጎማ መንቀሉን ትቶ ቀና አለና «ጋሼ፣ ለምንድነው የፈለጉት? ለጋሪ ነው?» አለኝ። «ለትከሻዬ ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። አልፈርድበትም። ሰባውን የተሻገረ ሰው ኮት ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ዲላ መናኸሪያ ጎን ካለ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ቆሞ «ከአሮጌ ከመነዳሪ ላይ ቀበቶ የምታህል ቁረጥልኝ» ሲል እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ደግነቱ ብዙ አልመረመረኝም፤ መቀሱን አንስቶ ይቆርጥልኝ ጀመር። ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ያሞቀው፣ ነጭ ዱቄት ነገር የተነሰነሰበት የመኪና ጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ የከመነዳሪ ሽታ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝ ይሆናል፤ የእኔ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። ጎሚስታውም «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ ጠዋት ኮቴን ልለብስ ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ ትከሻዬ ወለቀ። ከጎረምሳነቴ ወዲህ ወልቆ የማያውቅ ትከሻ! ዕድሜ ልኬን የስፖርት አስተማሪ ሆኜ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እሁድ እሁድ ከመሰሎቼ ሽማግሎች ጋር ቮሊቦል እየተጫወትኩ አንድ ቀን እንኳ ያላስቸገረኝ ትከሻ በኮት እጅጌ ተሸነፈ። ሆስፒታል ወስደው መለሱልኝ። የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራው ልጅ «በዕድሜ ነው አባባ፤ ጅማቱ ላልቷል» ብላ በላስቲክ የሚጎተት እንቅስቃሴ አሳየችኝና ላስቲኩ ስላለቀባቸው ከውጭ እንድገዛ ነገረችኝ። ሳቄ መጣ። እሷ የምታሳየኝን እንቅስቃሴ እኔ እሷ ሳትወለድ፣ ምናልባትም እናቷ ሳትወለድ ሠርቼዋለሁ። ማን እንዳሠራኝ ሳስታውስ ግን ሳቄን ተውኩት። ሕመሙ እንኳ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ እንደ ነገሩ ይቻላል። ያስጨነቀኝ የልጅነት ጓደኛዬ በራሶ እንዳይሰማ ነው።

የያን ጊዜዋ ዲላና የዛሬዋ ዲላ ስማቸው ነው አንድ የሆነው። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ ሥዕላቸው በየክፍሉ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ያየናል። ዋናው መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበርና ወደ ሞያሌ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር የአባቴ ሱቅ ውስጥ የተደረደረው አቡጀዲ ቀይ አቧራ ይጠጣል። እናቴም «እንግዲህ ማን ነጭ ነው ብሎ ይገዛዋል?» እያለች ስታራግፍ ትውላለች። አባቴ ከሸዋ ጨርቅ ይዞ መጥቶ በዚያው የቀረ ነጋዴ ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ከብስኩት ጋር በአሥር። ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሸክላዎቹ ግን ጥቂት ስለነበሩ ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃል። አንዱ ሸክላ ተጭሮ ዘፋኙ «ሆዴ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ «ሆዴ፣ ሆዴ፣ ሆዴ» እያለ ይቆምና ባለቤቱ በጣቱ ገፋ ያደርግለታል። እኛም ዘፈኑን እንደዚያው ከነእንቅፋቱ ነበር የምንዘፍነው። ዛሬ ያንኑ ዘፈን በሬዲዮ ሳይደናቀፍ ሲያልፍ ስሰማ የተሳሳተው እሱ ይመስለኛል። የኛ ጉራ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ፀጉር አፍሮ ይደረግና ማበጠሪያው ከኋላ ኪስ ብቅ ይላል፣ የቴትሮን ሸሚዝ ኮሌታው ይሰፋል፣ ሸራ ጫማ የጨዋታ ቀን ሲሆን በጠመኔ ይነጣል። ጠመኔውን ከክፍል ነበር የምንሰርቀው፤ አስተማሪዎቻችንም እግራችንን እያዩ ጠመኔ የት እንደሚሄድ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ቮሊቦል ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ተተክለው በመካከላቸው መረብ ይወጠራል። መረቡ ከሱቅ የተገዛ እንዳይመስላችሁ፤ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ነው። የገመዱትም የበራሶ አባት ነበሩ። በራሶ የዱመርሶ መንደር ልጅ ነው፤ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ ካለው የቡና አገር ለትምህርት መጥቶ ዲላ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ክንዱ የረዘመ፣ ዝምተኛ ልጅ። አባቱን ስለ መረቡ ሲነግራቸው እሳቸው ቮሊቦል ምን እንደሆነ ስለማያውቁ «ዓሣ በሌለበት አገር?» ብለው ሳቁ አሉ። ሠርተው ግን ላኩ። ሜዳ ላይ በራሶ ያቀብላል፣ እኔ እመታለሁ። በራሶ ሰማይ ላይ የሰቀለልኝን ኳስ ዘልዬ ስመታ የሚሰማው ድምፅ እስከ አባቴ ሱቅ ይደርሳል ይባል ነበር። አጋንነው ይሆናል፤ እኔ ግን አምኛለሁ። በትምህርት መካከለኛ ነኝ፣ በመልክም ያው እንደምታዩኝ ነኝ፤ ሰው «ተክሌ» ብሎ የሚጠራኝ በዚያች ቀኝ እጄ ነበር።

በራሶ አማርኛን የተማረው ዘግይቶ ነው። የቤቱ ቋንቋ ጌዴኦኛ ስለሆነ ወንድና ሴቱ ይምታታበታል፤ «እናትህ መጣ፣ እህትህ ሄደ» ይላል። እኛ የከተማ ልጆች በዚህ እንስቅ ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል። እኔ ግን በመሳቅ ብቻ አልቆምኩም፤ አስተማሪው ነኝ ብዬ ራሴን ሾምኩ። አንዳንዱን በትክክል፣ አንዳንዱን ለቀልድ አጣምሜ አስተምረው ነበር። አንድ ቀን ቤታችን ምሳ ሊበላ ሲመጣ «ሰው ቤት ከበላህ በኋላ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አልኩት። «አላውቅም» አለ። «ነፍስ ይማር ይባላል» አልኩት። ልጁ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እናቴ ፊት ጎንበስ ብሎ በትሕትና «ነፍስ ይማር፣ እማማ» አለ። እናቴ ክው አለች። «የማንን ነፍስ ልጄ? ማን ሞተ?» አለች። እኔ ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ስንከባለል አየችኝና ነገሩ ገባት። የዚያን ቀን በመጥረጊያ የቀመስኩትን አልረሳውም። በራሶም አልረሳውም፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል በነገርኩት ቁጥር ዓይኔን እያየ «እንደ ነፍስ ይማር አይደለም አይደል?» ይለኝ ነበር።

ትከሻዬ መጀመሪያ የወለቀው ዝናብ ባረጠበው ሜዳ ላይ ነው። ልመታ ዘለልኩ፣ ስወርድ ተንሸራተትኩ፣ እጄን ዘርግቼ ወደቅሁና አንድ ነገር ከቦታው «ቋ» ሲል ሰማሁ። ሰው ሱቃችን ድረስ ሄዶ ነግሮ ኖሮ እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። «እኔን! እኔን ይድፋኝ! እኔን!» እያለች ጮኸች። ከአባቴ ሱቅ በመጣ አቡጀዲ እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥለው ወደ ወጌሻው ወሰዱኝ። አቶ ገመዳ የሚባሉ፣ ምራቃቸውን እንትፍ እያሉ የሚነጫነጩ ሽማግሌ ናቸው። መሬት አስተኝተው፣ ተረከዛቸውን ብብቴ ውስጥ ተክለው፣ እጄን ሲጎትቱት የሰማዩ ቀለም ጠፋኝ። ትከሻው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን በር የለመደ ዶሮ ሆነ። ስመታ ይወጣል፣ ሹራብ ሳወልቅ ይወጣል፤ አንድ ጊዜማ በክፍል ውስጥ መልስ አውቄ እጄን ሳወጣ ወልቆ አስተማሪው «መልሱ እንዲህ የሚያስጮህ ነው?» አለኝ። መልስ ያወቅሁትም ያን ቀን ብቻ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ጨዋታ ተው አለኝ። አቶ ገመዳም «አጥንቱን እኔ እመልሰዋለሁ፤ ዙሪያውን ያለው ሥጋ ካልያዘው ግን ነገም ትመጣለህ። ኳስህን ተው» አሉኝ። እናቴ ለመነችኝ። አልተውኩም። ያለ ቀኝ እጄ ማን ልባል?

ትከሻዬ መጀመሪያ ከወለቀ በኋላ ይመስለኛል፣ እጄ እንደታሰረ ከሱቃችን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ በራሶ አሰብ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ተክሌ፣ የወደቅከው አንተ ነህ። እናትህ ለምን 'እኔን፣ እኔን' አለ? እሱን ምን ነካው?»

የአማርኛ ሊቅ ነኛ፣ ተዘጋጅቼ ነበር የምጠብቀው። «'እኔን' ማለት ያንተ ሕመም ወደ እኔ ይምጣ ማለት ነው» አልኩት።

«ይመጣል?»

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ የታጠፈችው። «አይ፣ ሲባል ነው እንጂ» ማለት ይቻል ነበር። እናቴ እኮ ዶሮ ሲደናቀፍ እንኳ «እኔን» የምትል ሴት ናት። ግን የዓይኑን ክብደት አይቼ ደስ አለኝ፤ ሰው እንዲህ አፍጥጦ ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል። «ሰው ከልቡ ካለው ይመጣል» አልኩት።

«እንደ ነፍስ ይማር አይደለም?»

«አይደለም። እናቴን!» ብዬ ማልኩ።

እስከ ዛሬ የማልወጣበት ነገር ይሄ ነው። አልዋሸሁትም እኮ። ቃሉ የሚለው እሱኑ ነው፤ በሐሰት ማልክ ብሎ የሚፈርድብኝ ዳኛ አይገኝም። ግን እኛ ቃሉን ስንለው እንደምንተነፍስ ነው የምንለው፤ እሱ ደግሞ ቃሉን የተማረው ከእኔ ነው፤ የተማረውንም እንደተማረው ያዘው። በጸሎት ቤታቸው የሌላውን ሕመም ስለ መሸከም ሲሰበክ እየሰማ ያደገ ልጅ ስለሆነ ነገሩ አልከበደውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከሻዬ በወለቀ ቁጥር ሌላው ሲሯሯጥ እሱ አጠገቤ ይንበረከክና መዳፉን በገዛ ራሱ ትከሻ ላይ ያደርጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንዳይሰበር የሚፈራ ይመስል፣ «እኔን» ይላል። ልጆቹ ይስቁ ነበር። እኔም በሕመም መካከል እስቅ ነበር።

በቃሉ ብቻም አልተወኝም። አቶ ገመዳ ስለ ሥጋው ያሉትን ይዞ ሲያውጠነጥን ከርሞ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት የለመነውን የከመነዳሪ ቁራጭ ይዞ መጣ። መሃሉን ከሜዳው ዳር ካለው ዋንዛ ጋር አሰረውና «ጎትት» አለኝ። እሱም ሌላውን ጫፍ ይዞ አብሮኝ ይጎትታል። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ ሲሆን ከዋንዛው ሥር፣ ፀሐይ ሲሆን ላስቲኩ ሞቆ እየሸተተን፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ። ስሰለች እለግማለሁ፤ እሱ አይለቀኝም። «ካልጎተትክ ኳስ አልሰጥህም» ይለኛል፤ ያደርገዋልም። ሜዳ ላይ ደግሞ እጄ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ኳሱን ከፊቴ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጥልኝ ጀመር። ከሩቅ የሚያይ ሰው እኔን ጎበዝ ነው ይላል። ጎበዙ የማን እጅ እንደነበር እኔና በራሶ ብቻ ነን የምናውቀው።

በዚያው ዓመት ይርጋለም ላይ ለሚደረግ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለታችንም ተመረጥን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሁሉም ሰው ባለ ሸራ ጫማ መሆን አለበት ተባለና በራሶ ጫማ መግዣ ሊያገኝ የቡና ጭነት ገባ። ወቅቱ የቡና ነበር፤ ከተማው ሁሉ ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል፤ በየመጋዘኑ ደጅ መኪና ቆሞ ጆንያ በትከሻ ይወጣል። ወደ መኪናው የሚያወጣው ጣውላ ጠል ነበረበት አሉ። በራሶ ጆንያውን እንደተሸከመ ተንሸራተተ፤ እሱ ከታች፣ ጆንያው ከላይ። ቀኝ ትከሻው ወለቀ፤ አጥንቱም ተሰበረ። ወሬውን ያመጣው የሻይ ቤቱ ሰው ነው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እኔን! ምስኪን ልጅ!» አለች። ያቺን ቃል ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራኋት።

ቤተሰቦቹ ወደ ዱመርሶ ወስደውት ነበር። እናቴ ስኳር አስይዛኝ በቡና ጫኝ መኪና እስከ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ቤቱ በእንሰት ተከቦ ከበሩ ደርሶ ካልሆነ አይታይም። በራሶ ደረቱ ድረስ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ታስሮ ተጋድሟል። ፊቱ ከስቷል። ምን እንደምለው ስጨነቅ እሱ ቀድሞ «ትከሻህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። አሁን አሁን አይወልቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ክረምት ሙሉ ከመነዳሪ የጎተተ ትከሻ ለምን ይወልቃል?

ፊቱ በራ። ያ የከሳ ፊት እንደ ልደት ቀን በራ። «አየህ?» አለኝ። «ዘገየ እንጂ መጣ።»

አፌን ከፈትኩ። «በራሶ፣ ቃል እኮ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ የሚለው ነው። የወደቅከው ጣውላው ረጥቦ ነው» ልለው ነበር። ግን ያንን ብለው ከእጁ ምን ይቀረዋል? ረጥቦ የነበረ ጣውላና የተሰበረ አጥንት። ሳልለው ቀረሁ። ሌላም አለ፣ አፍሬም ቢሆን ልናገረው፤ ልቤ ውስጥ በአንዲት ጥግ ደስ ብሎኛል። ውድድሩ ቀርቧል፣ ትከሻዬ ከእንግዲህ አይወልቅም፣ ሰው ወስዶልኛል። አላምንበትም ያልኩትን ቃል ለራሴ ሲሆን አመንኩት። እናቱ አማርኛ አይሰሙም ነበር፤ እሱ በጌዴኦኛ ሲነግራቸው አየኋቸው። ተነስተው መጡና መዳፋቸውን ቀኝ ትከሻዬ ላይ አሳርፈው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸውን ስለሰበርኩባቸው በቁጣ የተናገሩ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ደህና አድርገህ ያዘው አለ» አለኝ።

ይርጋለም ሄድኩ። ተጫወትኩ። ሌላ ልጅ ነበር የሚያቀብለኝ፤ ኳሱን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላዬ ይጥለዋል፣ እኔም ያንን ሁሉ እየዘለልኩ መታሁት፣ ትከሻዬ ንቅንቅ አላለም። አሸንፈን በጭነት መኪና ላይ እየዘፈንን፣ «ሆዴ፣ ሆዴ፣ ሆዴ» እያልን ስንመለስ ሁሉም ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርግ ነበር። አትንኩት ማለት አማረኝ።

ዘመን ተለወጠ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ አቡጀዲውም የሻይ ቤቱም ሸክላ የት እንደገቡ እንጃ። በዚያ ሻይ ቤት ቦታ አሁን የሞባይል መሸጫ አለ። በራሶ ትምህርቱን አልቀጠለም፤ የአባቱን ቡና ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። ቀኝ እጁ ግን ወደ አፉ እንኳ አትደርስም፤ ከዚያ ወዲህ የሚበላው በግራው ነው። በግራ መብላት በእኛ አገር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። በየድግሱ፣ በየለቅሶው ቤት የማያውቀው ሰው ሲገላምጠው አይቻለሁ። እሱ ግን ግድ የለውም። ይርጋጨፌ ገበያ ስንገናኝ ከሰላምታው በፊት የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ትከሻችን እንዴት ነው?» ትከሻህ አይለኝም፤ ትከሻችን ነው። «ደህና ነው» እለዋለሁ። «ትመታበታለህ?» «እመታበታለሁ።» በቃ፣ ይህንን ሰምቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰዎች በዚህ ዕድሜህ ቮሊቦል ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። ለጤና ነው እላለሁ። ለጤና አይደለም። የሰው ዕቃ ይዤ አልሠራሁበትም ብል ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

እንግዲህ ከመነዳሪውን ከገዛሁ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ፤ በራሶ ነው። «ተክሌ! የልጅ ልጄ ቮሊቦል ጀመረ። ለትምህርት ቤቱ ተመረጠ። ና፣ አመታቱን አሳየው» አለኝ። የልጅ ልጁ ሴት ናት፣ አበባ ነው ስሟ። ያንን ጎዶሎ አማርኛውን ድሮ ስስቅበት ነበር፤ አሁን አንዲት ፊደል ብታርሙለት እጣላችኋለሁ። አካል የምታሠራኝን ልጅ «ኳስ ብመታስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አባባ፣ ይወልቃል!» አለችኝ። ከመነዳሪውን ከመስኮት ብረት ጋር አስሬ የቻልኩትን ያህል ጎተትኩና፣ ሽታውን አብሬ እየጎተትኩ፣ አንድ ቅዳሜ ዱመርሶ ሄድኩ።

አበባ ረጅም ናት፤ ክንዷ የአያቷ ነው። በእንሰቱና በቡናው መካከል ባለች ጠባብ ደልዳላ ላይ ገመድ ወጥረው ጠብቀውኛል። በራሶ ኳሱን በግራ እጁ ያዘ። «እንደ ድሮው ነው፣ ከፊትህ አስቀምጣለሁ» አለኝ። ወረወረው። እኔም መዝለል ቢቀርብኝ በእግር ጣቶቼ ተነስቼ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት እንደማደርገው መታሁት። ድምፁ ጥሩ ነበር። ከድምፁ ጋር ትከሻዬ ውስጥ ያ የማውቀው መውለቅ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ፤ እጄንም እንደ ዋዛ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። «ትከሻችን አላረጀም!» ብሎ በራሶ ጮኸ። አበባ አጨበጨበች። እሱ በደስታው ኳሱን ራሱ ሊያመጣ ወደ ቡናው ውስጥ ሮጠና ሥር አደናቅፎት በጉልበቱ ወደቀ።

«እኔን!» አልኩ። አስቤ አይደለም፤ ከአፌ አመለጠኝ፤ እንደ እናቴ።

ካለበት ዞረ። ያ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊት ተኮሳተረ። «ተው!» አለኝ። «አንተ አትበል። ያንን እኔ ወስጃለሁ። አሁን መልሰህ ብትወስድብኝ፣ ለእኔ ምን ቀረ?»

«እሺ፣ አልልም» አልኩት።

ቤት ገባንና ቆጮ በጎመን ቀረበ። ቀኝ እጄን ከኪሴ ላወጣው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ግራ እጄን ዘርግቼ ቆረስኩ። በራሶም በግራው እንደለመደው ቆርሶ ሊጎርስ ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ። እጄን አየ፣ ኪሴን አየ፣ ፊቴን አየ። «እንዳንተ ልብላ ብዬ ነው» አልኩት፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ። አልሳቀም። የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ግራ መዳፉን በዚያች በማትነሳው ትከሻው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሏን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁንም አላስቆምኩትም።